ለጅማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይበር ሴኪዩሪቲን ሥራ ከየት እንጀምርላቸው?

ቲቸር_ጅማ
ቅዳሜ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይቲ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍተን ክበብ እንድናቋቁም ተፈቅዶልናል። ክበቡ ልጆቹን ከሳይበር ሴኪዩሪቲ ሥራ ጋር የሚያስተዋውቅ ነው።

ፈላጊ አልጠፋም። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ሊመዘገብ የመጣው ልጅ ከወንበሩ በልጧል። የቸገረኝ የሚጠብቁት ነገር ነው። ግማሹ "ቲቸር፣ ፌስቡክ ሃክ ማድረግ ያሳዩናል?" ይላል። ሌላው ደመወዙን ይጠይቃል። አንዱማ የሴት ጓደኛውን ቴሌግራም ማየት እንደሚፈልግ ሳያፍር ነገረኝ።

የ10ኛ ክፍል የአይቲ መጽሐፍ ላይ ስለ መረጃና ኮምፒውተር ደህንነት ምዕራፍ አለ። ልጆቹ ሸምድደው ይፈተኑበታል። ግን ይህን ሥራ ብሎ ጠዋት የሚገባ፣ ደመወዝ የሚቀበል ሰው እንዳለ የሚያስብ አላጋጠመኝም። ያለን ኮምፒውተር አሮጌ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ እንደ ቀኑ ነው። ስልክ ግን አብዛኞቹ አላቸው። እናንተ ብትሆኑ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምን ታደርጋላችሁ?

የሌሊት_ፈረቃ
ቅዳሜ፣ ማታ 2:48

መምህር፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። መንደራ ነው ያደግኩት። አሁን አዲስ አበባ ሶክ ውስጥ እሠራለሁ። ሶክ ማለት የአንድን ድርጅት ኔትወርክ 24 ሰዓት የሚጠብቅ ክፍል ነው።

የእኔ ምክር፣ መጀመሪያ ሥራውን ያሳዩአቸው። መሣሪያው ይቆይ። ፊልም ላይ ያለው ጥቁር ኮፍያና አረንጓዴ ጽሑፍ እኛ ጋ የለም። እኔ የምውለው፣ ይቅርታ የማድረው፣ ማስጠንቀቂያ ሳነብ ነው። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ 3 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ኢሜይሉ ይገባል። 3:20 ላይ በዚያው አካውንት ከሌላ አህጉር ይገባል። ሰው በ20 ደቂቃ ውቅያኖስ አይሻገርም። ወይ ቪፒኤን (ያለበትን ቦታ ሌላ አገር የሚያስመስል መሣሪያ) ከፍቷል፣ ወይ ፓስወርዱ ተሰርቋል። ደውዬ አጣራለሁ። ከተሰረቀ አካውንቱን እዘጋለሁ፣ ሌባው ምን እንደነካ እከታተላለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሪፖርቱን ጠዋት የሚያነበው ሰው የባንክ ወይም የሕግ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደንብ መጻፍ የሚችል ልጅ እኛ ጋ ተፈላጊ ነው። አብዛኛው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ባዶ ነው። መቶ ጊዜ ምንም ሳይሆን ቀርቶ መቶ አንደኛውን ሳይሰለች የሚያየው ነው ጎበዝ።

ከእኛ ሌላ ብዙ ዓይነት አለ። በፈቃድ ሰብሮ ገብቶ ቀዳዳውን የሚያሳይ ፔንቴስተር አለ። ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ከስልክና ከኮምፒውተር ማስረጃ የሚያወጣ የዲጂታል ፎረንሲክ ባለሙያ አለ። ድርጅቱ ሕጉን አክብሮ እንደሆነ የሚመረምር ኦዲተር አለ። ኮድ የማይወድ ልጅ ለመጨረሻው ይሆናል።

ሩት_ነኝ_በሩ_ክፍት
ቅዳሜ፣ ማታ 3:15

ከየሌሊት_ፈረቃ ጋር አልስማማም። ብሮ፣ የ16 ዓመት ልጅ ሪፖርት መጻፍ አሪፍ ነው ብለኸው በሁለተኛው ቅዳሜ የሚመጣ ይመስልሃል? እኔ ፔንቴስተር ነኝ። ወደዚህ ሥራ የገባሁት አንድ እንቆቅልሽ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

መጀመሪያ እጃቸውን ያስነኩ። ኦቨር ዘ ዋየር የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ባንዲት የሚል ጨዋታ ያገኛሉ። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ በጽሑፍ ትዕዛዝ በሚገባበት መንገድ፣ ወደ እነሱ ኮምፒውተር ይገባሉ። እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ፓስወርድ ደብቋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ፋይል ከፍቶ ማንበብ ብቻ። ቀጥሎ ያለው ፋይል ስሙ አንዲት ሰረዝ ናት፣ ሌላ ምንም የለም። ካት የሚለውን ፋይል የማንበቢያ ትዕዛዝና ሰረዟን ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ሰረዟን ከኪቦርድ አንብብ እንደተባለ ነው የሚቆጥራት። መንገዱን ጨምሮ ነጥብ፣ ስላሽ፣ ሰረዝ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ልጁ ይህን ራሱ ሲያገኘው ፊቱን እዩት። ማንም አይንገረው!

ደስ የሚለው ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው። ብዙ ሜጋባይት አይበላም። አሮጌ ኮምፒውተርም ይበቃል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባል አፕ ተጭኖ ከዚያ መሥራት ይቻላል። መብራት ቢጠፋም ስልኩ አለ።

ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፒኮ ሲቲኤፍ የሚል ለዚህ ዕድሜ ያዘጋጀው የእንቆቅልሽ ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው። ውድድሩ በዓመት አንዴ ነው፣ መለማመጃው ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ጠበቃ_ከሂርማታ
ቅዳሜ፣ ማታ 4:02

ከሁለታችሁም በፊት እኔ ልግባ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3ን ለልጆቹ አንብቡላቸው። ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ ሆን ብሎ ወደ ሰው ኮምፒውተር ሥርዓት የገባ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ልብ በሉ፣ መስረቅ አያስፈልግም። ማበላሸት አያስፈልግም። መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው። ሥርዓቱ የድርጅት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት።

ልጅ ነኝ ማለትም አያድንም። በወንጀል ሕጋችን 15 ዓመት ያለፈው ልጅ በመደበኛው ድንጋጌ ነው የሚጠየቀው። ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነጻ አይለቀውም። ያ የሴት ጓደኛውን ቴሌግራም ማየት የፈለገው ልጅ የ11ኛ ክፍል ከሆነ ዕድሜው አልፏል ማለት ነው።

መምህር፣ ለክበቡ አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት ያዘጋጁ። የትኞቹ ኮምፒውተሮች፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ሙከራ፣ ማን ፈቀደ። ርዕሰ መምህሩ ይፈርም፣ ወላጅም ይፈርም።

ሩት_ነኝ_በሩ_ክፍት
ቅዳሜ፣ ማታ 4:11

ጋሼ ጠበቃ ልክ ብለዋል። እኛም የተፈረመ ወረቀት ሳይኖር አንዲት ፒንግ (ኮምፒውተሩ መኖሩን የምትጠይቅ ትንሽ መልእክት) አንልክም። ያንን ወረቀት ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት፤ የሥራው አካል ነው።

እናት_ጊንጆ
እሑድ፣ ጠዋት 1:30

እንደምን አደራችሁ። የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 11ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። ከተማችን የሐኪም ከተማ ናት፣ ልጄም ሐኪም ትሁንልኝ ብዬ ነው የማስተምራት። ሰሞኑን ግን ሌሊት ስልኳ ላይ ጥቁር ነገር ከፍታ ስትጽፍ አያታለሁ። ሌኑክስ ነው አለችኝ፣ ወይ ሊኑክስ። ይሄ ለሴት ልጅ የሚሆን ሥራ ነው? ከሕክምናውስ አያስቀርብኝም?

የሌሊት_ፈረቃ
እሑድ፣ ጠዋት 2:20

እትዬ፣ እንደምን አደሩ። ከፈረቃ ወጥቼ ነው የምጽፍልዎ። ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ነው። እኛ ጋ ሴቶች አሉ፣ አንዷ አለቃዬ ናት። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም። የሌሊት ፈረቃ ላይ የመመላለሻ ጉዳይ አለ፣ ያንን አልደብቅዎትም። ቀን ብቻ የሚሠራበትም ክፍል ሞልቷል።

ሕክምናና ይሄ ሥራ እንደሚያስቡት አይራራቁም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ነበር። ቀጠሮ ተሰረዘ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተመለሰ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተመቱት። ማስተካከያውን በሰዓቱ መጫን አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን በሽተኛን ከበር ከመመለስ ያድናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመላው ደቡብ ምዕራብ መጠጊያ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ነገ የሕክምናውንም የኮምፒውተሩንም ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ያስፈልገዋል።

ያንን ጥቃት ያስቆመውም ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። ማርከስ ሃቺንስ ያኔ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር፣ በአብዛኛው ራሱን ያስተማረ። ቫይረሱ አንድ የማይታወቅ የድረ ገጽ አድራሻ እንደሚጠራ አየ። አድራሻውን በጥቂት ዶላር በስሙ አስመዘገበ። ስርጭቱ ቆመ።

ጠበቃ_ከሂርማታ
እሑድ፣ ጠዋት 3:05

ታሪኩን ሙሉውን ንገሯቸው እንጂ። በሦስተኛው ወር ነሐሴ ላይ ያው ልጅ አሜሪካ ውስጥ ታሰረ። በልጅነቱ የባንክ መረጃ የሚሰርቅ ሶፍትዌር በመጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ፣ ዳኛው በታሰረው ጊዜ ይበቃሃል ብለው ለቀቁት። ዓለምን አድኖም ዱሮ የጻፈው ኮድ ተከትሎት መጣ። ለ11ኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ቡና_ላኪ_በዳ_ቡና
እሑድ፣ ከሰዓት 8:40

እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ ቡና ነው የማውቀው። ርዕሱን የላከልኝ ልጄ ነው። ግን ሳነበው ነገሩ የኛም እንደሆነ ገባኝ።

ቡና ውጭ ሲላክ ድርድሩም፣ ውሉም፣ የባንክ ቁጥሩም በኢሜይል ነው። አንድ የማውቀው ነጋዴ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ሌቦቹ ኢሜይሉ ውስጥ ገብተው ለሳምንታት ዝም ብለው አነበቡ። ዕቃው ተጭኖ ክፍያ ሲቃረብ፣ በአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ቀይረው ለገዢው ጻፉ፤ "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህ ላኩ" የሚል። ገዢው ላከ። ቡናው ሄደ፣ ብሩ አልመጣም። ያ ሰው እስካሁን ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሒሳብ ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከመጣ በማውቀው ስልክ ሳልደውል አልነካም። ልጆቹን ላኩልኝ፤ የድሮ ደብዳቤዎች ላሳያቸውና ትክክለኛውን ከውሸቱ ይለዩ። ቡና አፈላለሁ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ግን አትምጡ፣ ለቀማ ነው።

ሩት_ነኝ_በሩ_ክፍት
እሑድ፣ ከሰዓት 9:02

አባቴ፣ ይሄማ ከእኔ ባንዲት ይበልጣል! ቢዝነስ ኢሜይል ኮምፕሮማይዝ ይሉታል በሙያው። ከቫይረስ ይልቅ በሰው እምነት ነው የሚሠራው። መምህር፣ የቡናውን ጉዞ እቅድዎ ውስጥ ያስገቡልኝ። እኔም እመጣለሁ።

እውነቱን_እንነጋገር
እሑድ፣ ማታ 1:15

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ነው የምታወሩት። ግን ለነዚህ ልጆች ባዶ ተስፋ አትሽጡ። ጅማ ውስጥ ስንት ሶክ አለ? ሥራው አዲስ አበባ ነው፤ ባንክ፣ ቴሌኮም፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ)። የታወቁት ሰርተፊኬቶች የፈተና ዋጋ በመቶዎች ዶላር ነው። የቅጥር ማስታወቂያው ደግሞ ዲግሪና ልምድ ይላል። ልምዱን ከየት ያመጣዋል? አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የተባለው የኦንላይን ሥልጠና ሲመጣም ሁሉም ሰርተፊኬቱን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ከዚያስ?

12ኛ_ቢ
እሑድ፣ ማታ 1:40

ሰላም፣ እኔ ተማሪ ነኝ። እሱ ያለው ነገር እኔንም ያስፈራኛል። በ2014 ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2016 ደግሞ 5.4። ከክፍላችን ጎበዞቹ ካልሆኑ ሌሎቻችን ዩኒቨርሲቲ አንገባም ማለት ነው። ካልገባሁ ይሄ ሥራ ለእኔ ተዘጋ? ካልተዘጋ ምን ላንብብ? ቲቸርን በአካል መጠየቅ ከብዶኝ ነው እዚህ የጻፍኩት፣ ይቅርታ ቲቸር።

የሌሊት_ፈረቃ
እሑድ፣ ማታ 2:25

እውነቱን_እንነጋገር፣ ያልከው አብዛኛው ልክ ነው። አልከራከርህም። ጅማ ላይ "ሳይበር ሴኪዩሪቲ" ተብሎ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ብዙ አታይም። ግን ጅማ ላይ ባንክ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ቡና ላኪ አለ። ሁሉም ጋ አንድ የአይቲ ልጅ አለ። ያ ልጅ ባክአፕ የሚይዝ፣ ማስተካከያ የሚጭን፣ የለቀቀ ሠራተኛን አካውንት በዕለቱ የሚዘጋ ከሆነ ሴኪዩሪቲ እየሠራ ነው። የሥራ መደቡ ስም "አይቲ ኦፊሰር" ይሁን እንጂ። እኔም በዚያ ነው የጀመርኩት፤ ፕሪንተር እየጠገንኩ።

ሕጉም እየመጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግዴታ ካለ የሚሠራው ሰው ይፈለጋል። በስንት ዓመት እንደሆነ ቃል አልገባም።

12ኛ_ቢ፣ አንተ ደግሞ አትደንግጥ። አልተዘጋም። መጀመሪያ ኔትወርክ ተማር። ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ላይ የሳይበር ሴኪዩሪቲ መግቢያው ነጻ ነው። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው መለማመጃም ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ራውተር ሳትገዛ ኔትወርክ ትሠራበታለህ። ኢመደአም ክረምት ላይ በሳይበር ታለንት ፕሮግራሙ ወጣቶችን መዝግቦ፣ ፈትኖ ያሠለጥናል። ምዝገባው ሲወጣ ተከታተል። እንግሊዝኛህንም አትተወው፣ ሁሉም የሚጻፈው በእሱ ነው።

ፖሊ_አሠልጣኝ
እሑድ፣ ማታ 2:50

ስለ ዩኒቨርሲቲ ላልገባው ልጅ። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ሃርድዌርና ኔትወርኪንግ አለ። ልጆቹ ኬብል ይጨምቃሉ፣ ሰርቨር ይጭናሉ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይፈተናሉ። እጃቸው ከብዙ ዲግሪ ያለው ሰው ይበልጣል፣ አድልቼ ሊሆን ይችላል። ሎግ (ኮምፒውተሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) አንብቡ ስንላቸው ግን ያዛጋሉ። ክበቡ እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ያንን ልማድ ቢያስይዝልን ትልቅ ነገር ነው።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት
እሑድ፣ ማታ 3:30

እኛ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ግቢ ነን፣ ኮምፒውቲንግ ተማሪዎች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር ነው የሚታወቀው። የጤና ልጆች ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ፣ እኛ ደግሞ ለምን ቅዳሜ ትምህርት ቤት አንመጣም? በባጃጅ ቅርብ ነው። ሦስት አራት ልጆች አሁኑኑ ዝግጁ ነን፣ ላፕቶፕም ይዘን እንመጣለን።

ለውይይት አንድ ርዕስ ልጨምር። የመጋቢት 2016ቱ የንግድ ባንክ ሌሊት። አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሒሳባቸው በላይ ያወጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፣ የእኛም ግቢ ስም ተነስቷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሥርዓቱ ላይ ማሻሻያ ሲደረግ የተፈጠረ ችግር ነው አለ። ወደ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር ከባንኩ የወጣው። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል፣ ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ አወጣቸው። ማንም ሃክ አላደረገም። ታዲያ ያወጣው ልጅ ምን አደረገ? ማሻሻያውስ ደንበኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ማን መፈተሽ ነበረበት? በሌሊት መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ማን ነው? በሦስቱ ጥያቄ አንድ ቅዳሜ አይበቃም።

እውነቱን_እንነጋገር
እሑድ፣ ማታ 3:44

ይሄኛው ጥሩ ነው። ይሄንን ከሠራችሁ እኔም አልቃወምም። የፈታሹ ሥራ ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም።

እናት_ጊንጆ
እሑድ፣ ማታ 4:00

ልጄን ዛሬ ምሳ ላይ ጠየቅኳት። ያቺ ሰረዝ የምትባለውን ፋይል ከፈተቻት አሉ፣ ለሁለት ቀን ስትታገል ነበር። የፈቃድ ወረቀቱ ሲዘጋጅ ላኩልኝ እፈርማለሁ። ሌሊት ግን እንድትተኛ ንገሯት መምህር፣ እኔን አትሰማኝም።

ቲቸር_ጅማ
ሰኞ፣ ማታ 1:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ እንዲህ አሰብኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የጠበቃው አንድ ገጽና የንግድ ባንኩ ሌሊት ክርክር ነው። ኮምፒውተር አንከፍትም፣ ስለዚህ መብራት ቢሄድም ግድ የለም። ሁለተኛው ባንዲት፣ ከኪቶ ልጆች ጋር። የሌሊት_ፈረቃ በሦስተኛው በስልክ ገብተህ ያንን የ20 ደቂቃ ታሪክ ንገራቸው፣ ማጣራቱን እነሱ ይሥሩት። የቡናው ጉብኝት ከለቀማ በኋላ ጥር ላይ ይሁን። ፌስቡክ ሃክ ሊማር የመጣው ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ፣ ወይም ተስፋ አደርጋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

12ኛ_ቢ፣ ማን እንደሆንክ ገምቻለሁ። የፊት ወንበር ያዝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ተርመክስን ለሁሉም ልጅ እያንዳንዱ ከሚያወርድ እኔ አውርጄ በፍላሽ ባድላቸውስ?

ሩት_ነኝ_በሩ_ክፍት
ሰኞ፣ ማታ 1:35

ይቻላል መምህር። ኤፍ ድሮይድ ከሚባለው የነጻ አፖች ማከማቻ ላይ ያውርዱት፣ ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል እንዳይሆን። ስልኩ አንድሮይድ 7 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ኤስኤስኤች ለመጨመር አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ያንን የኪቶ ልጆች በሆትስፖት ያግዟችሁ። በፍላሽ ከሰጧቸው በኋላ ግን ወዲያው እንዳይጭኑት። ሻ 256 የሚባለውን የፋይሉን አሻራ ያወረዱበት ኮምፒውተር ላይ አውጥተው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። እያንዳንዱ ልጅ በእጁ ያለውን ከሰሌዳው ጋር ያነጻጽር። ከአንዱ ልጅ ፋይል ላይ አንዲት ባይት ቀይረው ይስጡት፣ ለማንም ሳይነግሩ። ማን እንደሚያገኘው ማወቅ እፈልጋለሁ።